የጠላቂው ጉልበት

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። መጋረጃው ተዘግቷል፣ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ወትፋለች፣ ሌሊቱን ሙሉ ዳቦ ፋብሪካ ቆሞ ያደረው እግሯ ከብርድ ልብሱ ሥር እንደ ሌላ ሰው እግር ተዘርግቷል፤ እንቅልፍ ግን በዓይኗ አልዞር አለ። ድሮ እንቅልፍ የሚነሳት ነገር ይታወቃል፤ አንዴ የመኖሪያ ፈቃዱ ነው፣ አንዴ እናቷ ናት፣ አንዴ ደግሞ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የመጣ፣ ገልብጣ ብታነበው ዘቅዝቃ ብታነበው የማይገባት ደብዳቤ ነው። ዛሬ እንቅልፍ የነሳት ግን ጉልበት ነው። የራሷ ጉልበት ቢሆን እንኳ ደግ ነበር። አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን፣ ጥቁር የጎማ ልብስ የለበሰ፣ በመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ እግሩን አጥፎ ባሕሩ ውስጥ ልግባ አልግባ እያለ ሠላሳ ምናምን ዓመት የተቀመጠ የአሻንጉሊት ጠላቂ ጉልበት። ዛሬ ጠዋት አቧራውን ስታራግፍለት አየችው፤ ልክ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ እንደ ደረቀ የወንዝ ጭቃ በቀጫጭኑ ተሰነጣጥቋል። ባለፈው ሳምንት አልነበረም። ነበር እንዴ? አልነበረም። እሷ ደግሞ የምታጸዳውን ነገር ሳታይ የምታልፍ ሴት አይደለችም።

የአሻንጉሊቶቹ ባለቤት ጡረታ የወጣ የሊፍት መካኒክ ነው። ከታናሽ እህቷ ጋር በስልክ ሲያወሩ «ሊፍቴ» ነው የሚሉት። በሳምንት ሦስት ጠዋት፣ ከፋብሪካው ስትወጣ ዱቄቱን ከፀጉሯ አራግፋ፣ ቤቱን ልታጸዳለት ትሄዳለች። የዚያን ክፍል በር መጀመሪያ የከፈተላት ቀን ወይ ጉዴ ነበር ያለችው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት፣ መስታወቱ ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ትንንሽ ሰዎች፤ ጠላቂዎች፣ እሳት አጥፊዎች፣ ሞተረኞች፣ ወደ ጨረቃ የሚሄዱ፣ ሁሉም የጎማ ቦት፣ የጎማ ጓንት፣ የጎማ ቱቦ ያላቸው። «ሽማግሌው አሻንጉሊት ያሳድጋል» ብላ ለእህቷ ስትነግራት ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ቆይታ ግን መሳቁን ተወችው። ሊፍቴ ሚስትም ልጅም የለውም። ሠላሳ አራት ዓመት በሰው ሕንፃ የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ሽቦ ሲፈትሽና ግራሶ ሲቀባ ኖሮ፣ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቁት እነዚህ ብቻ ነበሩ። እያንዳንዳቸውን መቼ እንዳገኛቸው፣ ያን ቀን የየትኛው ሕንፃ ሊፍት ቆሞ ማን ውስጡ ታስሮ እንደነበር ያስታውሳል። ስለ ሰው ቢጠይቁት «እንጃ» የሚል ሽማግሌ ስለ አንድ እሳት አጥፊ ቦት ግማሽ ሰዓት ያወራል።

ነገሩን ያከበደችው የእህቱ ልጅ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣው፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ የምትረሳው። ባለፈው ቅዳሜ እሷ መታጠቢያ ቤቱን ስትፈትግ፣ ልጅቷና ሊፍቴ ወጥ ቤት ሆነው ሲያወሩ ሰማች። «ይቺ ሴትዮ ከመጣች ወዲህ ነው መሰንጠቅ የጀመሩት። እስቲ ቁጠር። እሷ ሳትመጣ አንድም የተሰነጠቀ ነበር?» ሊፍቴ «እንጃ» አለ። እዚህ ላይ ነው እንቅልፉ የሚጠፋው፤ ልጅቷ ውሸቷን ቢሆን ኖሮ በተናደደች፣ ተናዳም በተኛች። ግን እውነቷን ነው። እሷ ከመጣች ወዲህ ነው። ሊፍቴ ካሰናበታት ደግሞ ሥራው ብቻ አይደለም የሚቀረው። ዳቦ ፋብሪካው ሰው የሚቀጥረው በወኪል ነው፣ ወኪሉ ደብዳቤ አይጽፍም፤ ወኪሉ ጋ ሲደወል የሚያነሳው እንኳ ሰው ሳይሆን ማሽን ነው፣ አንድን ይጫኑ፣ አራትን ይጫኑ፣ ይጠብቁ። የመኖሪያ ፈቃዱን ለማሳደስ የአሠሪ ደብዳቤ ይፈለጋል፤ ደብዳቤ የሚጽፍላት አሠሪ ሊፍቴ ብቻ ነው፤ ፈቃዱ ካልታደሰ ደግሞ ወጥቶ መመለስ የለም። አባቷ ሰባ ስምንት ዓመት ሞላው። እናቷን እንደዚያው፣ ሳትደርስላት ነው ያጣቻት። ፓስፖርቷ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ፣ መስኮት ቁጥር ስድስት፣ «በሂደት ላይ» ሆኖ እያለ፣ እህቷ ስልኩን ለቅሶው ቤት መስኮት ላይ አስቀመጠችላት፣ እሷም የፋብሪካው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ አርባ ደቂቃ ለቅሶ አዳመጠች፤ ከዚያ ወጥታ ጓንቷን አድርጋ ሊጡ ጋ ተመለሰች። ይኸው አራት ዓመት ሆነው። እናቷ እንዴት እንደሞተች፣ በመጨረሻ ምን እንዳለች፣ ማንንም ጠይቃ አታውቅም። በምን ዓይኗ ትጠይቃለች?

ደግሞ አንድ ያልተናገረችው ነገር አለ። ከወር በፊት የአንዱ እሳት አጥፊ ቦት ድርቅ ብሎ አሳዘናት፤ ከእጅ ቅባቷ በጣቷ ነካ አድርጋ ቀባችው። ለወዙ ብላ ነው። አሁን ያ ቦት ሲነኩት እንደ ተላመጠ ማስቲካ ጣት ይይዛል። እሷ ናት እንግዲህ! ሁሉንም ያበላሸችው እሷ ናት! ግን ቆይ። ጠላቂውን ቅባት አልነካውም። ሞተረኛውም ክርኑ ተሰንጥቋል፣ እሱንም አልቀባችውም። የተቀባው ለስልሷል፣ ያልተቀባው ተሰንጥቋል፤ ይሄ ምን ማለት ነው? ትራሱን ገለበጠችው። ስለ ጎማ እኮ የሚያውቅ ሰው አላት።

አባቷ ጎሚስታ ነበር። መንገድ ዳር፣ ሁለት በሁለት በሆነች የቆርቆሮ ቤት፣ በር ላይ አንድ ትልቅ አሮጌ ጎማ ነጭ ተቀብቶ የተተከለበት። ያኔ እሷ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ ውሃ ገንዳ ውስጥ ትደፍቅና አረፋው ከየት እንደሚወጣ ታያለች፣ ጣቷን ቀዳዳው ላይ ታደርጋለች፣ «አባዬ ያዝኩት!» ትላለች። የሰፈር ልጆች «ጎሚስቷ» ይሏታል፤ ለመሳደብ ነው፣ እሷ ግን ሹመት ይመስላታል። አሁን ያ ሰው በስልክ ሁለት ዐረፍተ ነገር አይጨርስም። እህቷ ስልኩን ስትሰጠው «ደህና ነሽ? ጤናሽስ? እግዚአብሔር ይመስገን፤ በይ እንኪ እህትሽን» ይልና ያስረክባል። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። ተቀይሟታል። ቢቀየማትም አይፈረድበትም።

ጥጡን ከጆሮዋ አውጥታ ደወለች።

«እትዬ! በዚህ ሰዓት? ምን ሆንሽ? አልተኛሽም እንዴ?»

«ምንም አልሆንኩም። አባዬን ስጪኝ፣ የምጠይቀው ነገር አለኝ። ስለ ጎማ ነው።»

«ስለ ምን?» አለች እህቷ። ከዚያ የእግር ኮቴ፣ የበር ድምፅ፣ የአባቷ ጉሮሮ መጥረግ ተሰማ።

«ደህና ነሽ? ጤናሽስ? እግዚአብሔር ይመስገን፤ በይ እንኪ እህትሽ...»

«አባዬ ቆይ! ጎማ ለምንድነው የሚሰነጠቀው?»

 ስልኩ የተቋረጠ መሰላት። ከዚያ የመጣው ድምፅ ግን ሌላ ነበር፤ በሩ ላይ መኪና የቆመለት ሰው ድምፅ። «የምን ጎማ?»

«የአሻንጉሊት።»

«የምን?»

ነገረችው። ሁለት መቶ አሥራ ሰባቱን፣ ጠላቂውን፣ ሞተረኛውን። ሳያቋርጣት ሰማት። «ሰውየው ስንት ዓመቱ ነው?» አለ።

«ሰባ ሦስት።»

«ጤነኛ ነው?»

«ጤነኛ ነው አባዬ።»

«እሺ። ፀሐይ ያገኘዋል? ምድጃ አጠገቡ አለ? ቅባት ነካው?»

ይሄኔ የቦቱን ነገር አወጣችው። «አንቺ ልጅ!» ብሎ ጮኸ፣ ጩኸቱ ግን ደስ አላት፤ ከአሥር ዓመት በላይ ማንም እንዲህ ጮኾባት አያውቅም። «ቅባትና ጎማን ምን አገናኛቸው? ነግሬሽ አልነበረም? የቀባሽው ተሰነጠቀ?»

«አልተሰነጠቀም። ለሰለሰ፣ ተጣበቀ።»

«እሱ ያንቺ ጥፋት ነው። ሌላው የሌላ ነው። አትደባልቂው። የተሰነጠቁት ምናቸው ላይ ነው?»

«ጉልበት ላይ፣ ክርን ላይ፣ ቱቦው ጠምዘዝ የሚልበት ላይ።»

«የተወጠረበት ነው በይኛ። ቀጥ ብለው የቆሙትስ?»

አሰበች። ዓይኗን ጨፍና በመስታወቱ ፊት ተራመደች፣ አንድ በአንድ። «ደህና ናቸው» አለች፤ ራሷም ገረማት።

«ክፍሉ ምን ይሸታል?»

ይሄን የሚጠይቅ ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችም። ያ ክፍል እኮ የሚወደድ ሽታ ነው ያለው፤ ስትገባ ሁልጊዜ አንዴ ወደ ውስጥ ትስበዋለች። «መብረቅ ብልጭ ሲል፣ ዝናቡ ሊወርድ ሲል የሚመጣው ዓይነት ሽታ» አለች።

«በያጁ!» አለ አባቷ። «በያጁን ታስታውሺዋለሽ? ከኛ ጎን የተከራየው፣ ሲያፏጭ የሚውለው። እሱ በመጣ በዓመቱ በሱ በኩል ግድግዳ ላይ የሰቀልኳቸው ከመነዳሪዎች በሙሉ ተሰነጣጠቁ። የወዲያኛው ግድግዳ ደህና። ሁለት ዓመት ተጣላሁት፣ ሰው ሁሉ አበደ አለኝ። የኤሌክትሪክ ብልጭታ አየሩን ይለውጠዋል። ያ አየር የተወጠረ ጎማ ካገኘ ይበላዋል። እዚያ ክፍል ውስጥ የሚበየድ ነገር አለ?»

የሚበየድ ነገር የለም። ግን ጥግ ላይ የቆመ ነጭ ማሽን አለ፤ ሌት ተቀን ሰማያዊ መብራት አብርቶ እንደ ንብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያዜም። አየር ያጸዳል ይባላል። ሊፍቴ ያመጣው እሷ በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ስትጠርግ የሚነሳው አቧራ እያሳለው። እሷ ከመጣች ወዲህ! ተነስታ ቁጭ አለች።

«አትንገሪው» አለ አባቷ። «መጀመሪያ ፈትሺ። ማሽንም ቢሆን በወሬ አይከሰስም።»

እንዴት እንደሚፈተሽም ነገራት። ከአንድ ማሸጊያ ሦስት ላስቲክ ታወጣለች፤ ፀጉር የሚታሰርበት ዓይነት፣ ጨርቅ ያልለበሰ። አንዱን እንጨት ላይ ወጥራ ከማሽኑ ጎን፤ አንዱን ሳትወጥር እዚያው፤ ሦስተኛውን ወጥራ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ። ያንኑ ሳምንት አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ልዩ ነበሩ፤ እንቅልፉ አሁንም የለም፣ ግን ዓይኗ የሚፈጠው እንደ ድሮው ጣሪያው ላይ አይደለም፤ ነገ ምን አያለሁ እያለች ነው። ስልኩ ይጮሃል፣ የሚደውለው አባቷ ነው። «እስካሁን ምንም? ጥሩ፣ አትቸኩዪ። በአጉሊ መነጽር እይው።» ሌላ ቀን ደግሞ ጎማ እንዳይጣበቅ ስለሚነሰነስበት ፓውደር፣ ሌላ ቀን ከመነዳሪ ለምን በሚስማር እንደማይሰቀል፣ ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ። እህቷ ስልኩን ነጥቃ «እትዬ፣ ምን አስነካሽው? ጠዋት ጠዋት ስልኩን ይዞ በር ላይ ይቀመጣል እኮ» አለቻት። ዳቦ እየደረደረች በሆዷ ስንጥቅ ስትቆጥር ታድራለች። አለቃዋ ምን ያስቅሻል አላት።

በዘጠነኛው ቀን ከማሽኑ ጎን የተወጠረውን ላስቲክ መስኮት ጋ ወስዳ በሊፍቴ አጉሊ መነጽር አየችው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ውጥረቱን አቋርጠው የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች፣ ልክ እንደ ጠላቂው ጉልበት። በጣቷ ነካ ስታደርገው ጠሽ ብሎ ተበጠሰ። ያልተወጠረው ደህና ነው። የመሳቢያው ደህና ነው። ብቻዋን ክፍሉ ውስጥ ቆማ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ደስታ ነው፣ ፍርሃትም ነው። አሁን መናገር አለ።

ሊፍቴ ወጥ ቤት ጋዜጣ ዘርግቶ ተቀምጧል። ሦስቱን ላስቲኮች ጋዜጣው ላይ አስቀመጠችለት። ባላት ቋንቋ፣ ቃል ሲጠፋት በእጇ እየሠራች፣ አስረዳችው።  ተነሳ፣ ክፍሉ ገባ፣ መሃል ላይ ቆሞ በአፍንጫው ረጅም ሳበ።

«የሞተር ክፍል» አለ ቀስ ብሎ። «የሊፍት ሞተር ክፍል ሽታ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የሸተተኝ። ይሄ ማሽን ከመጣ ጀምሮ እዚህ ስገባ ደስ ይለኛል፣ ለምን ብዬ ጠይቄ ግን አላውቅም።» ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን ነቀለው። ዜማው ሲቆም ቤቱ በአንድ ጊዜ ጭር አለ።

እዚህ ላይ ዝም ብትል ያበቃ ነበር። «ቦቱ ግን የኔ ነው» አለች። እሳት አጥፊውን አውጥታ አሳየችው። ሊፍቴ ቦቱን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ጣቱ ሲጣበቅ አየ። ፊቱ ጠቆረ። 

«ይሄን እኮ አላወቅኩም ነበር» አለ። «ለምን ነገርሽኝ?»

«አባቴ አትደባልቂው ብሎኛል።»

«አባትሽ ማነው?»

ቅዳሜ የእህቱ ልጅ መጣች፤ ሊፍቴ ሦስቱን ላስቲኮች እንደ ኤግዚቢት አሳያት። ይቅርታ የሚባል ነገር አልወጣትም፤ በሳምንቱ ግን አንድ እሽግ የጥጥ ጓንት ይዛ መጥታ ምንም ሳትል በሩ ላይ አንጠለጠለችላት። ደብዳቤውንም ሊፍቴ በእጁ ጻፈው፤ የሥራ መደብ በሚለው ፊት «ጽዳት» አላለም፣ «የስብስቡ ጠባቂ» አለ። የመስኮት ቁጥር ስድስቷ ሴት ሁለት ጊዜ አንብባው፣ ቀና ብላ አየቻትና ማኅተም መታችበት። በሂደት ላይ ነው። ግን አሁን የምር በሂደት ላይ ነው።

አባቷን በቪዲዮ ማናገር የፈለገው ሊፍቴ ነው። ስልኩን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ እሷ መሃል ተቀመጠች። አባቷ ኮት ለብሷል። ከስቷል፤ አንገቱ ከኮሌታው ውስጥ ጠፍቷል። ሊፍቴም ሸሚዝ ቀይሯል። ሁለቱ ሽማግሌዎች እጅ ነሱ፣ ከዚያ ወዲያው ጎማ ውስጥ ገቡ፤ እሷ ትዞራለች፣ ትተረጉማለች፣ ትዞራለች።

«ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠቡ፤ ጥላ ላይ ይድረቁ፤ ፓውደር ትንሽ። በነጭ ወረቀት ይጠቅልል፣ በፌስታል እንዳያደርጋቸው፣ ይታፈናሉ። እርስ በርስም አይነካኩ። ጨለማና ብርድ ያለበት ቦታ፣ ተዘርግተው ይተኙ።»

«ከተኙና ከተጠቀለሉ እኔ እንዴት አያቸዋለሁ?» አለ ሊፍቴ።

«በየተራ ያውጣቸዋ! አሥር ዘንድሮ፣ አሥር ሲመቸው። የወጣው ቀጥ ብሎ ይቁም።»

«ጠላቂውስ? ጉልበቱ ይድናል?»

«አይድንም። ይሄ ቁስል አይደለም፣ አይሽርም። ግን ይዘርጋለት፤ እንዳይብስበት።»

ሊፍቴ ጠላቂውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆይቶ፣ ስልኩ ፊት፣ እግሩን በሁለት ጣቱ ቀስ በቀስ ዘረጋለት። ሠላሳ ምናምን ዓመት ከባሕሩ አፋፍ ተቀምጦ የኖረ ሰው ቆመ። አባቷ «ዋናውን ተወው ማለት ነው» አለና ሳቀ፤ ስትተረጉምለት ሊፍቴም ሳቀ፤ እሷ የአባቷን ሳቅ ከመቼ ወዲህ እንዳልሰማችው ልትቆጥር ጀምራ ተወችው።

«ጠይቂው» አለ ሊፍቴ፣ «ሱቁን ማን ወሰደው?»

 አባቷ የሚናገረው ለሊፍቴ ነው፣ የሚያየውም ሊፍቴን ነው። «ማንም አልወሰደው። ትይዘዋለች ያልኳት ይቺ አጠገብህ የተቀመጠችው ናት። ከወንድ ሁሉ የሷ እጅ ይበልጥ ነበር። እኔ ነኝ ይሄ የሴት ሥራ አይደለም፣ ሂጂ ተማሪ ያልኳት። ስትሄድ ጊዜም ራቀች ብዬ አኮረፍኩ። እናቷ ያረፈች ጊዜ መምጣት አልቻለችም፤ አውቃለሁ፣ ታናሿ ነግራኛለች። በስልክ ስናወራ ቶሎ የምሰናበታት የተቀየምኳት ይመስላታል። አይደለም። ድምፄ እንዳይሰበርባት ነው። ንገሪው።»

ሊፍቴ ወደ እሷ ዞሯል፣ ይጠብቃል። ምኑን ትንገረው? በምን ቋንቋ? አፏን ከፈተች። «ድምፄ እንዳይሰበርባት ነው» አለች በባዕድ ቃል፣ «እኔ ልጄን አልተቀየምኳትም፤ ድምፄ እንዳይሰበርባት ነው» አለች፣ የአባቷን «እኔ» በራሷ አፍ፤ ስትጨርስ የሷም ድምፅ ተሰብሮ ነበር።

ሊፍቴ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ነገርሽው?» አለ አባቷ።

«ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«ምንም አላለም። አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ስለ ጎማ?»

«ስለ እማዬ። የመጨረሻ ቀን እንዴት ነበረች? ሁሉንም ንገረኝ፣ ምንም አታስቀርብኝ።»

ሊፍቴ እስክትተረጉምለት ትንሽ ጠበቀ። አልተረጎመችለትም። ፊቷን አየ፤ ቀስ ብሎ ተነሳና ጠላቂውን በነጭ ወረቀት ላይ አስተኝቶ ይዞት ወጣ፤ በሩንም ድምፅ ሳያሰማ መለሰው።

«ማለዳ ነበር» አለ አባቷ። «ነቅታ አገኘኋት፤ ርቧት ነበር፣ ደስ አለኝ። ፀጉሬን አበጥርልኝ አለችኝ። እኔ ደግሞ የሴት ፀጉር የት አውቄ...»